አድሚሽንና ፋይናንሻል ኤይድ፦ ማንን ምን እንጠይቅ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት ወይም ልጅ ለማስገባት ላይ ታች የሚሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አድሚሽንና ፋይናንሻል ኤይድ አንድ ቢሮ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። አድሚሽን ተማሪ ይመለምላል፣ ማመልከቻ ያነባል፣ ይቀበላል ወይም አይቀበልም። ኤይድ ቢሮው ደግሞ ቤተሰቡ ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ያሰላል፤ ግራንቱን (የማይመለስ ድጋፍ)፣ ስኮላርሺፑን፣ ሎኑን (ብድር) ይመድባል። የመጀመሪያው ቢሮ በየዓመቱ መሙላት ያለበት ወንበር አለው። ሁለተኛው የመንግሥት ገንዘብ ይዟል፣ ለመደበው ዶላርም ይጠየቅበታል። የአድሚሽን ሰው ልጃችሁ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ሥራው ስለሆነ ነውር የለውም። ነገር ግን እንድትመጡ የሚፈልገው ሰው ራሱ "አይዟችሁ፣ ትችሉታላችሁ" ሲላችሁ ቆም ብላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ሦስተኛ ቢሮም አለ፣ በርሳር ወይም ስቱደንት አካውንትስ የሚባለው። የፌዴራል ደንቡ ድጋፉን የሚፈቅደውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው እንዳይሆን ያዛል። ስለዚህ የቢል ጥያቄ ካላችሁ ወደ በርሳር፣ ስለ ድጋፉ መጠን ከሆነ ወደ ኤይድ ቢሮ ሂዱ። ብዙ ኮሌጆች ላይ ግን አድሚሽኑም ኤይዱም "ኢንሮልመንት" በሚባል አንድ የበላይ ኃላፊ ሥር ናቸው፤ የሁለቱ ድንበር የሚደበዝዘውም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

የአድሚሽን ሰው ስለ ገንዘብ ጭራሽ መናገር አይችልም ማለት ነው?

ይችላል እንጂ። የትምህርት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ምን ምን ስኮላርሺፕ እንዳለ፣ ፋፍሳ (የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ቅጹ) መቼ እንደሚከፈት፣ ቀነ ገደቡ መቼ እንደሚያልፍ ቢነግራችሁ መልካም ነው። ኔት ፕራይስ ካልኩሌተሩ (ድጋፉ ተቀንሶ የሚቀረውን ዋጋ የሚገምተው ማስሊያ) የት እንዳለ ማሳየትም የእሱ ሥራ ነው። የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች ይህን ማስሊያ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ድረ ገጻቸው ላይ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው፤ ገና ሳታመለክቱ ሞክሩት።

ማቆም ያለበት ወሬው ከኮሌጁ አልፎ ወደ እናንተ ቤት ሲገባ ነው። "በእናንተ ገቢ ፔል ግራንቱን ሙሉውን ታገኛላችሁ" ማለት የእሱ ድርሻ አይደለም። (ፔል ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የፌዴራል ግራንት ነው፤ የ2024–25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ ሙሉውን ማን ያገኛል የሚለው የሚታወቀው ግን ተሰልቶ ነው።) "ሎኑን ውሰዱት፣ ሲመረቅ በአንድ ዓመት ይከፍለዋል" ማለትም እንደዚያው። ትክክለኛው መልስ "ይህን ከኤይድ ቢሮ ጋር ተነጋገሩበት፣ እኔ ላገናኛችሁ" ነው። እንዲህ የሚል ሠራተኛ ሲገጥማችሁ ከጥያቄው የሚሸሽ አይምሰላችሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

በየቀኑ እየደወለ የሚያጣድፈን ሰው ኮሚሽን ይከፈለዋል እንዴ?

ሕጉ አይፈቅድም። ከ1992 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ ለመልማዮቹ ባስመዘገቡት ተማሪ ወይም ባስገኙት ድጋፍ ልክ ኮሚሽን፣ ቦነስ ወይም ሌላ ማበረታቻ መክፈል ተከልክሏል። ክልከላው ስለ ኤይድ የሚወስኑትንም ሠራተኞች ይጨምራል። በ2002 የወጣ ደንብ 12 ልዩ ሁኔታዎችን ፈቅዶ ነበር፤ ብዙ ኮሌጅ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሾልኳል። ከጁላይ 2011 ጀምሮ ተዘግተዋል።

ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ሕግ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስ ለመልማዮቹ ባስመዘገቡት ልክ ይከፍላል ተብሎ በሁለት የቀድሞ ሠራተኞቹ ተከሶ በ2009 ጥፋቱን ሳያምን 67.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የጠበቃው ወጪ 11 ሚሊዮን ለብቻው ነው። ኤጁኬሽን ማኔጅመንት ኮርፖሬሽን የተባለው ድርጅት ደግሞ በ2015 ለተመሳሳይ ክስ 95.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ሰው ባስመዘገበው ተማሪ ቁጥር ሲከፈለው የማይችለውን ቤተሰብ ሎን ያስፈርማል፤ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን ቢያቋርጥ ሎኑ አብሮት ይቀራል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው።

ፋፍሳ ላይ የሞላነውን ገቢያችንን አድሚሽን ያየዋል?

የፋፍሳ መረጃ የተሰበሰበው ለድጋፍ ሥራ ነው፤ ሕጉም አጠቃቀሙን እዚያው ላይ ይገድበዋል። ከ2024–25 ፋፍሳ ጀምሮ ደግሞ የታክስ መረጃችሁ በእናንተ ፈቃድ በቀጥታ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ይመጣል፤ የታክስ ሚስጥር ጥበቃም አብሮት ይመጣል። ኤይድ ቢሮው ያንን ፋይል አንስቶ "እስቲ የዚህን ልጅ ቤተሰብ ገቢ እዩት" ብሎ ለቅበላ ውሳኔ ለአድሚሽን ማቀበል አይችልም።

ሌላም የተቀየረ ነገር አለ። ድሮ ፋፍሳ ላይ ስማቸውን የዘረዘራችኋቸው ኮሌጆች ሁሉ ዝርዝሩን ያዩት ነበር፤ አንዳንዱም መጀመሪያ የተጻፈውን "ይህ የልጁ አንደኛ ምርጫ ነው" ብሎ ይገምት ነበር። ከ2016–17 ጀምሮ አንዱ ኮሌጅ ሌሎቹን አያይም። አሁንም ቅደም ተከተሉ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች አሉ፤ በዚህ በኩል ተረጋጉ። አንዳንድ የስቴት ግራንቶች ግን ቅደም ተከተሉን ስለሚመለከቱ የስቴታችሁን መመሪያ እዩ።

ወላጆች የተለያዩበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ፦ የእናት ወይም የአባት ገቢ ለልጁ ይነገራል ወይ? ፌርፓ በሚባለው የተማሪ መዝገብ ሕግ ልጁ የራሱን የትምህርት ፋይል የማየት መብት ቢኖረውም የወላጆቹን የገንዘብ መረጃ ኮሌጁ ለእሱ የማሳየት ግዴታ የለበትም።

ኤይድ መጠየቅ የመግባት ዕድልን ይቀንሳል?

እንደ ኮሌጁ ነው። "ኒድ ብላይንድ" የሚባሉት ሲቀበሉ የመክፈል አቅምን አያዩም። "ኒድ አዌር" የሚባሉት ቢያንስ ለተወሰኑ አመልካቾች ያዩታል። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት ማመልከቻ በኮመን አፕ ላይ ድጋፍ ትጠይቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ ያለው ለዚሁ ነው። ኒድ አዌር መሆን ነውር ነው አልልም፣ ገንዘቡ ውስን ነው። ነውሩ መደበቁ ነው። ስለዚህ የአድሚሽን ሰውን በቀጥታ ጠይቁት፦ "ለእንደኔ ዓይነት አመልካች ኒድ ብላይንድ ናችሁ? ከዌይትሊስት (ከተጠባባቂዎች ዝርዝር) ስትወስዱስ?" የሚለውን ሁለተኛውን ጥያቄ አትርሱት።

የማትረሱበት ምክንያት አለ። በጃንዋሪ 2022 በ16 ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ክስ ተመሠረተ፤ በኋላ አንድ ተጨመረ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ ስሌት ላይ አብረው እንዲመክሩ ሕግ የፈቀደላቸው ሲቀበሉ የማንንም ኪስ ካላዩ ብቻ ነበር፤ ከሳሾቹ ግን አንዳንዶቹ ከዌይትሊስት ሲወስዱ ወይም የለጋሽ ልጅ ሲመጣ ያያሉ አሉ። አሥሩ ጥፋት ሳያምኑ በድምሩ 284 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ፍርድ ቤቱ በ2024 አጸደቀው። "ኒድ ብላይንድ" የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ግን ድጋፍ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ፈርታችሁ "አያስፈልገኝም" አትበሉ። ልጁ ገብቶ መክፈል ሲያቅታችሁ ነገሩ ይብሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት አልጠየቅንም ላሉ ቤተሰቦች በኋላ የራሱን ገንዘብ የማይሰጥ ኮሌጅም አለ።

አድሚሽን "40,000 ዶላር አግኝታችኋል" አለን። ደብዳቤው ግን ሎን ይዟል። ምንድነው ይሄ?

ይህ በጣም የሚያናድደኝ ነው። ሎን ስጦታ አይደለም። ተማሪው በጉልበቱ የሚያገኘው ወርክ ስተዲም ስጦታ አይደለም። ግን ግራንቱ፣ ሎኑና ወርክ ስተዲው ሦስቱም በአንድ መስመር ተደምረው "የእናንተ አዋርድ" ተብለው ይመጣሉ፤ ደውሎ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚለውም ድምሩን ብቻ ይናገራል። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ጋኦ በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት 91 ከመቶ የሚሆኑት ኮሌጆች የድጋፍ ደብዳቤያቸው ላይ ቤተሰቡ በእውነት የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ ወይ አይጽፉም፣ ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ጠቅላላ የዓመቱ ወጪ፦ ትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ መጓጓዣ። ከዚያ ላይ ግራንትና ስኮላርሺፕን ብቻ ቀንሱ። የቀረው የእናንተ ዋጋ ነው። በወላጅ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ቢበዛ 5,500 ዶላር ነው፤ ደብዳቤው ላይ ከዚያ የበለጠ ትልቅ ሎን ካያችሁ ምናልባት ፓረንት ፕላስ ነው፣ እሱ ደግሞ የወላጅ ዕዳ ነው። በስማችሁ እንዲህ ያለ ዕዳ መኖሩን ከአድሚሽን ሰው በስልክ ሳይሆን ከኤይድ ካውንስለር በጽሑፍ ልትሰሙ ይገባል።

"ዛሬ ዲፖዚት (የቦታ መያዣ) ካልከፈላችሁ ስኮላርሺፑ ይቀራል" ተባልን። እውነት ነው?

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በመደበኛው ጊዜ ላመለከቱ ሰዎች የቆየው ልማድ ሜይ 1 ድረስ የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ነው። የአድሚሽን ባለሙያዎች ማኅበር ናካክ ቀደም ሲል አስገዳጅ ደንቦች ነበሩት፤ በ2019 ግን የፍትሕ ሚኒስቴሩ ውድድርን ይገድባሉ ስላለ አንዳንዶቹን ሰርዟል። ከዚያ ወዲህ ጥቅም እያሳዩ ማጣደፉ በዝቷል፤ የማደሪያ ቅድሚያ፣ ትንሽ ተጨማሪ ስኮላርሺፕ እያሉ።

"ይህንን በኢሜይል ይላኩልኝ" በሉት። እውነተኛ ቀነ ገደብ ከሆነ ይልከዋል። ካልላከ መልሱን አገኛችሁ።

ኧርሊ ዲሲዥን ካመለከትን በኋላ ገንዘቡ ባይበቃንስ?

ኧርሊ ዲሲዥን የሚያስር ስምምነት ነው፤ ተቀበሉን ካሉ እንሄዳለን ማለት ነው። ነገር ግን ድጋፍ ጠይቆ የተሰጠው ካልበቃው ተማሪው ከስምምነቱ ሊወጣ ይችላል፤ ኮመን አፕ ላይም ይህ የታወቀ ነው። የአድሚሽን ሰው "ፈርማችኋል፣ መውጫ የለም" ካለ ትክክል አይደለም።

መጀመሪያ ግን ኤይድ ቢሮውን አነጋግሩ፣ ቁጥሩ ሊሻሻል ይችላል። ዋጋ አወዳድሮ መምረጥ የግድ ለሆነበት ቤተሰብ እኔ ኧርሊ ዲሲዥንን አልመክርም።

የአድሚሽን ሠራተኛው "ፋፍሳውን እኔ ልሙላላችሁ" አለ። ይደረጋል?

አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ጥያቄውን ቢያስረዳችሁ ምንም አይደለም፤ ኮሌጆች የፋፍሳ ምሽት እያሉ የሚያዘጋጁት ለዚሁ ነው። ፋፍሳ በነፃ ነው፣ ማንም ሊያስከፍላችሁ አይገባም። የፓስወርዳችሁን ጉዳይ ግን በጥብቅ ያዙት። ፋፍሳ የምትሞሉበት የኤፍኤስኤ መለያችሁ ፊርማችሁ ነው። እንግሊዝኛው ከበደን ብላችሁ ለማንም አትስጡ፣ ለምታምኑት ሰው እንኳን።

"ይህን አትጻፉት፣ ይህን ዝቅ አድርጉት" ካላችሁ ደግሞ ተነሱና ውጡ። ሆን ብሎ ሐሰት መሙላት እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስራት ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። የሚፈርሙት እናንተ ስለሆናችሁ የሚጠየቁትም እናንተ ናችሁ። በ2019 ኢሊኖይ ውስጥ አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው ድጋፍ እንዲያገኙ የአሳዳጊነት መብታቸውን በወረቀት ለሌላ ሰው ማዛወራቸው ሲጋለጥ ብዙ ሰው ደንግጧል። ኮሌጁም ቢሆን የማጭበርበር አሳማኝ መረጃ ካገኘ ለትምህርት ሚኒስቴሩ ኢንስፔክተር ጄኔራል የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ሥራ አጣሁ። አፒሉን (ድጋፉ እንደገና ይታይልኝ የሚለውን ጥያቄ) ለአድሚሽን ልንገር ወይስ ለኤይድ?

ለኤይድ። ሕጉ በሁኔታችሁ ምክንያት ስሌቱን የማስተካከል ሥልጣን የሰጠው ለኤይድ አስተዳዳሪው ነው፤ "ፕሮፌሽናል ጀጅመንት" ይባላል። እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው አይቶ፣ ማስረጃ ይዞ ነው የሚወስነው። ኮሌጁ "እኛ አፒል አንቀበልም" ብሎ በጅምላ መዝጋት አይፈቀድለትም። ሥራ ማጣት፣ ሞት፣ ፍቺ፣ ከባድ የሕክምና ወጪ ከደረሰባችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

የአድሚሽን ሰው ማበረታታት፣ ወደ ትክክለኛው ሰው ማድረስ ይችላል። "ይህን ልጅ አጥብቀን እንፈልገዋለን፣ ስሌቱን አስተካክሉለት" ብሎ በፌዴራል ገንዘብ ላይ ግፊት ማድረግ ግን አይችልም። የኮሌጁ የራሱ ሜሪት (በውጤት የሚሰጥ) ስኮላርሺፕ ሌላ ነው፤ እሱን ብዙ ቦታ አድሚሽን ራሱ ይወስነዋል። ስለዚህ ስትጠይቁ "የችግር ድጋፍ ነው ወይስ ሜሪት?" ብላችሁ ለዩት፤ በር የምታንኳኩት በዚያ መሠረት ነው።

አገር ቤት ያለው የእህቴ ልጅ በኤጀንት በኩል ነው የሚያመለክተው። ተመሳሳይ ሕግ ነው?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኮሚሽን ክልከላው ውጭ አገር የሚኖሩና የፌዴራል ድጋፍ የማይመለከታቸውን የውጭ ዜጎች መመልመልን አይጨምርም። ኮሌጁ ለኤጀንቱ በላከው ተማሪ ልክ ሊከፍለው ይችላል። ናካክም በ2013 ግልጽነትና ተጠያቂነት እስካለ ድረስ ፈቅዷል። ስለዚህ ኤጀንቱ "ይህ ኮሌጅ ለአንተ የተሻለ ነው" ሲል ለማን የተሻለ እንደሆነ ማወቅ የልጁ መብት ነው፦ ማን ይከፍልሃል? ስንት ኮሌጅ ጋ ትሠራለህ?

ኤፍ 1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ተማሪ የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ግን ፋፍሳ መሙላት ይችላል፤ በዲቪ የመጡ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ዓመት ያልፋቸዋል። ለውጭ ተማሪዎች ኒድ ብላይንድ የሆኑት ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከእነሱ መካከል ናቸው።

አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ ኮሌጁ የሚሰጠው ቅጽ) ለማግኘት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት ያስፈልጋል። "ለጥቂት ቀን ባንክ አስገቡና አውጡት" የሚል ምክር ከኤጀንትም ከኮሌጅም ቢመጣ አትስሙ። ኤምባሲ ቆንስላው ፊት የሚቆመውና የሚጠየቀው ልጁ ነው።

አድሚሽን የምትሠራው የምናውቃት የአገራችን ልጅ ናት። እሷ ብትጨርስልን ምን አለበት?

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም መረዳዳት ባህላችን ነው፣ ጥያቄውም በቅንነት ነው የሚመጣው። መንገዱን ብታሳያችሁ፣ ማንን ማነጋገር እንዳለባችሁ ብትነግራችሁ፣ ቅጹን በአማርኛ ብታስረዳችሁ ጥሩ ነው። ለማንኛውም ወላጅ የምታደርገው ነገር ነው። ፋይላችሁን ከፍታ ማየት፣ ማመልከቻውን ራሷ መገምገም፣ ኤይድ ቢሮ ደውላ "የኔ ሰዎች ናቸው" ማለት ግን አትችልም። የኤይድ ባለሙያዎች ማኅበር ናስፋ የሥነ ምግባር ደንብ ሠራተኛው ለራሱም ለቅርብ ቤተሰቡም ድጋፍ እንዳይመድብ፣ ጉዳዩን ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፍ ይላል። አድሚሽንም ውስጥ ልኩ ይኸው ነው፦ አስቀድሞ ለአለቃ መናገርና ከፋይሉ መራቅ።

እናንተም እዚህ ቦታ አታስቀምጧት። "አይሆንም" ስትላችሁ ኮራች አትበሉ። እንጀራዋ ነው። በኋላ አንድ ሰው ቢጠይቅ የእሷ ሥራና የልጃችሁ ቦታ አብረው ነው ጥያቄ ውስጥ የሚገቡት።

ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ አንዱ ሰውዬ አድሚሽኑንም ኤይዱንም ይሠራል። ሕገወጥ ነው?

በራሱ አይደለም። ትንንሽ ኮሌጆች ሠራተኛ ስለሌላቸው "ኢንሮልመንት ካውንስለር" ብለው ሁለቱንም ለአንድ ሰው ይሰጣሉ። ለቤተሰብ ምቹም ነው፣ ከቢሮ ቢሮ አያንከራትትም። ችግሩ ግን አለ፤ ጠዋት "ምርጥ ኮሌጅ ነው፣ ኑ" ያላችሁ ሰው ከሰዓት በኋላ "ይህን ሎን ባትወስዱ ይሻላል" ለማለት ይከብደዋል። ታማኝ ሰው ቢሆንም ይከብደዋል።

ስለዚህ ጥያቄውን ለዩለት። "አሁን የምጠይቅህ እንደ ኤይድ ካውንስለር ነው" በሉና ስሌቱን በጽሑፍ አስመጡ፦ ኤስኤአይ ቁጥራችሁ (ከፋፍሳ ተሰልቶ የሚወጣው የአቅም መለኪያ) ስንት ነው፣ ማን ወሰነው፣ የሚቀጥለው ዓመት ስኮላርሺፑ እንዲታደስ ምን ውጤት ያስፈልጋል፣ አራቱን ዓመት ሲደመር ስንት ሎን ይሆናል። ከዚያ ከኮሌጁ ውጭ ላለ ሰው አሳዩት፤ ለሃይስኩሉ ካውንስለር ወይም ልጁን ኮሌጅ ላስገባ ለምታምኑት ወላጅ። አንድ ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ፦ ይህ ሰው "ለእናንተ ሌላ ኮሌጅ ይሻላል" ብሎ ለማንም ያውቃል? ጠይቁት። አንድም ምሳሌ ካላመጣ የምታወሩት ከመልማይ ጋር ነው።

ድንበሩን ያለፈ ነገር ገጥሞናል። የት እንናገር?

መጀመሪያ ጻፉት። ቀኑን፣ ማን እንደተናገረ፣ ቃል በቃል ምን እንዳለ። ከዚያ ለኤይድ ቢሮው ዳይሬክተር በኢሜይል ላኩ፤ ብዙ ነገር እዚያው ይስተካከላል። ካልሆነ ኮሌጁን ዕውቅና የሰጠው አካልና የስቴቱ የከፍተኛ ትምህርት ቢሮ ቅሬታ ይቀበላሉ። የፌዴራል ስቱደንት ኤይድ ድረ ገጽም ላይ የቅሬታ ቅጽ አለ። ሰነድ ማጭበርበር፣ በስማችሁ ሳታውቁ የተወሰደ ሎን ወይም በተማሪ ቁጥር የሚከፈል ኮሚሽን ከሆነ በቀጥታ ወደ ኢንስፔክተር ጄኔራሉ ሂዱ።

ብዙ ቤተሰብ "ልጄ ላይ ቂም ይያዝበታል" ብሎ ዝም ይላል። ይገባኛል። ቢያንስ ልጁ ስኮላርሺፑንና ውጤቱን በጽሑፍ እስኪይዝ ጠብቃችሁም ቢሆን ተናገሩ፤ ማስታወሻችሁንና ኢሜይሎቹን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ።